ለልጄ ሕክምና ፈልጌ ሄጄ «የምናሠለጥነው እርስዎን ነው» ተባልሁ

የልደታዋ እናት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ጉዳዬ ረዘም ያለ ስለሆነ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የምኖረው በልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤቴ፣ ከእናቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ነው። ትልቁ ልጄ አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ ታናሽ እህቱ ገና ሁለት ዓመት መድፈኗ ነው። ልጁ ጤነኛ ነው፣ አፉን የፈታው በጊዜው ነው፣ ፊደል መለየትም ጀምሯል፤ ነገር ግን ላለፈው አንድ ዓመት ያህል ቤታችን ሰላም አጥቷል። የተባለውን ሁሉ እምቢ ይላል፣ ሲከለከል መሬት ላይ እየተንከባለለ ይጮኻል፣ ያገኘውን ይወረውራል፣ እህቱን ይነክሳል። ከመዋዕለ ሕፃናቱም ሳይደወልልኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም።

አንዱን ጠዋት ልንገራችሁ። የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ከታች ጥሩምባ ሲያሰማ፣ ልጁ አንድ እግር ጫማ ብቻ አድርጎ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሏል። «ሌላውን አታደርግም?» አልሁት፤ ዝም አለ። «ሰርቪሱ ጥሎህ ሊሄድ ነው!» አልሁት፤ ጫማውን በመስኮት ሊወረውር ተነሣ። ጮኽሁበት፣ ቆነጠጥሁት፣ እሱም ጮኸ፤ በመጨረሻ እናቴ ከወጥ ቤት ወጥታ ብስኩት አስያዘችውና ጫማውን ራሷ አደረገችለት። እሱ ብስኩቱን እየበላ ደረጃውን ሲወርድ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አለቅስ ነበር።

ባለፈው ወር ወደ አንድ የሕፃናት ሥነ ልቦና ክሊኒክ ወሰድሁት። ባለሙያዋ 36 ጥያቄ ያለው ቅጽ አስሞላችኝ፣ መጫወቻ ባለበት ክፍል ውስጥ እኔና ልጄ ስንጫወት ለጥቂት ጊዜ ተመለከተችን፤ ከዚያም ልጁን ለብቻው አስቀምጣ እንደማታነጋግረው፣ ይልቁንም በሳምንት አንድ ሰዓት ያህል እኔ ከእሱ ጋር ስጫወት እርሷ ከአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስተዋት ጀርባ ሆና እያየች በጆሮ ማዳመጫ ምን ማለት እንዳለብኝ እንደምትነግረኝ አስረዳችኝ። እውነቱን ለመናገር ከፋኝ። ልጄን ሊያክሙልኝ ሄጄ ጥፋተኛዋ እኔ ሆኜ የተመለስሁ መሰለኝ። እናቴ ደግሞ ከሰማች ወዲህ «ለመጫወት ነው ገንዘብ የምትከፍዪው? እኛ ስድስት ልጅ ያሳደግነው በማን ስልጠና ነው?» ትለኛለች።

በዚህ መንገድ ያለፈ ወላጅ ወይም ሙያውን የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ አስረዱኝ። ይህ በእርግጥ ሕክምና ነው ወይ? ሕክምናስ ከሆነ ስለ ምን በልጁ ፈንታ እኔ እሠለጥናለሁ? አያትና ሞግዚት ባሉበት ቤት ውስጥስ ይሠራል ወይ?


የቀድሞው የካዛንቺስ ሰው

እኔም ሴት ልጄን ይዤ ስሄድ ይህንኑ ተብዬ፣ ከክሊኒኩ ስንወጣ ለባለቤቴ «የምትደበድበው እሷ፣ የምሠለጥነው እኔ፤ ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?» ብያት ነበር። ስለዚህ ስሜትዎን አልወቅስም። ሆኖም የመጀመሪያው ቀን የሆነውን ላካፍልዎ፤ ሐሳቤን የቀየረው እሱ ነውና።

ባለሙያው ከመስተዋቱ ጀርባ ሆኖ ለ5 ደቂቃ ያህል ምንም ሳይናገር እኔ ከልጄ ጋር ስጫወት የምለውን ሁሉ ቆጠረ። ከዚያ ወረቀቱን አመጣልኝ። በ5 ደቂቃ ውስጥ 31 ጥያቄ ጠይቄያለሁ፣ 14 ጊዜ አዝዣለሁ፤ ሁለት ጊዜ አመስግኛለሁ፤ ሁለቱም ጊዜ ያልሁት «ጎበዝ» ብቻ ነው። «ይኼ ምንድን ነው? ቀለሙስ? ስንት ጎማ አለው? ለምን እዚያ አደረግሽው?» እያልሁ ሳስተምራት የቆየሁ መስሎኝ ነበር፤ በስልኬ የቀዳሁትን ማታ ሳዳምጠው ግን መርማሪ ፖሊስ መስያለሁ። ልጄም በአብዛኛው መልስ አልሰጠችኝም፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር።

ከእርስዎ የሚጠበቀው፣ ቢያንስ በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ በየቀኑ ለ5 ደቂቃ ጨዋታውን ልጁ እንዲመራው መተው ነው። የሚያደርገውን እንደ ስፖርት ጋዜጠኛ ያወራሉ፦ «ቀዩን ኩብ ሰማያዊው ላይ እያስቀመጥህ ነው»። የተናገረውን መልሰው ይሉታል፣ የሚያደርገውን አብረው ያደርጋሉ፣ መልካም ያደረገውን ለይተው ጠርተው ያመሰግናሉ። በእነዚያ 5 ደቂቃዎች ውስጥ ጥያቄ፣ ትእዛዝና ነቀፋ የለም። ይህን ምዕራፍ ለማለፍ በ5 ደቂቃ ውስጥ 10 ጊዜ ለይቶ ማመስገን፣ 10 ጊዜ የልጁን ንግግር መድገም፣ 10 ጊዜ የሚሠራውን መግለጽ ያስፈልጋል፤ ጥያቄውም ትእዛዙም ነቀፋውም ተደምሮ ከ3 መብለጥ የለበትም። ሲነገር ቀላል ይመስላል። እኔ ባንክ ቤት የምሠራና ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር የማወራ ሰው፣ እዚያ ለመድረስ ስድስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

በአማርኛ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ልጄ «መኪናው ወደቀ» ስትል እኔ «መኪናው ወደቀ» ብዬ መድገም ሲገባኝ፣ ድምፄ መጨረሻው ላይ ከፍ ስለሚል ሳላስበው «መኪናው ወደቀ?» ይሆንብኛል፤ ቃሉ አንድ ሆኖ በድምፅ ብቻ ጥያቄ ይሆናል ማለት ነው። ባለሙያው በጆሮዬ «ዝቅ አድርገው ይጨርሱት» ሲለኝ ከረመ። ካመሰገንሁ በኋላ «አይደል?» እና «እሺ?» የምላቸውም እንዲሁ ይቆጠሩብኝ ነበር። «ጎበዝ» የሚለው ቃላችንም ብቻውን ብዙ አይጠቅምም፤ ልጁ በምኑ እንደተመሰገነ አያውቅም። «ክዳኑን መልሰሽ ስለከደንሽ ጎበዝ» ሲባል ግን ነገ ደግማ ትከድነዋለች።

በአራተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ኩቦቹን መወርወር የለመደችው ልጅ ሳይነግሯት «አባዬ፣ ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት፣ አየህ?» አለችኝ። እኔ ያልሁትን ቃል ነው መልሳ የሰጠችኝ። በመሀል ሰፈራችን ፈርሶ ራቅ ወዳለ ቦታ ስለተነሣን የመጨረሻዎቹን አራት ቀጠሮዎች ስልኩን መደርደሪያ ላይ አቁሜ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ በቪዲዮ አድርገናቸዋል። በጠቅላላው በ17 ቀጠሮ ጨረስን። ልጄ ዛሬም አንዳንዴ እምቢ ትላለች፤ ቤቱ ግን የጦር ሜዳ መሆኑ ቀርቷል።


የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ

የተከበሩ ጠያቂ፣ ከገለጻዎ እንደምረዳው የቀረበልዎ የወላጅና ልጅ መስተጋብር ሕክምና የሚባለው፣ በባለሙያዎች ዘንድ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ፒሲአይቲ እየተባለ የሚጠራው ነው። ይህን ዘዴ ሺላ አይበርግ የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኦሪገን ጀምረውት፣ በኋላ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ያዳበሩት ሲሆን፣ በዋነኝነት የተዘጋጀው ከ2 እስከ 7 ዓመት ላሉ እንደ ልጅዎ እምቢተኝነትና ቁጣ ለሚያስቸግራቸው ልጆች ነው። በውስጡ ሁለት ነገር ተጋብቷል፦ ልጁን በጨዋታ መቅረብና የጸና ወሰን ማበጀት። ዲያና ባውምሪንድ የተባሉ ተመራማሪ ከዚያ ቀደም ብለው በ1960ዎቹ ያሳዩት ይህንኑ ነበር፤ ፍቅር ብቻ ያለው ቤትም ሆነ ቁጥጥር ብቻ ያለው ቤት፣ ሁለቱን አጣምሮ የያዘውን ያህል ልጅን አይጠቅምም።

«ለምን እኔ?» ላሉት ራስዎ የተረኩት የጫማ ታሪክ ከእኔ የተሻለ መልስ ስለሚሰጥ በእሱ ላስረዳዎት። ልጁ እምቢ አለ፤ እርስዎ ድምፅዎን ከፍ አደረጉ፤ እሱ ደግሞ ከእርስዎ በላይ ከፍ አደረገ፤ ፍጻሜው ብስኩት ሆነ፣ ጫማውንም ሌላ ሰው አደረገለት። ልጁ ከዚህ የተማረው «እስከ መጨረሻው ከጮኽሁ ሥራው ይቀርልኛል» የሚለውን ነው። እናትዎ የተማሩት ብስኩት ሲሰጥ ጩኸቱ እንደሚቆም ነው፤ ጩኸቱ መቆሙ ለእሳቸውም ሽልማት ነውና ነገም ብስኩቱን ያነሣሉ። እርስዎም ብዙ ጊዜ የማይሠራ ቁንጥጫ አንዳንድ ቀን ስለሚሠራ እጅዎ ወደዚያው ይሄዳል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ነገር ግን ሦስታችሁም እርስ በርስ እየተማማራችሁ ነው። ጄራልድ ፓተርሰን የተባሉ ተመራማሪ በኦሪገን ቤተሰቦችን በየቤታቸው እየተመለከቱ ለዓመታት ያጠኑት ይህን መተናነቅ ነው። እንዲህ ያለውን ቋጠሮ እኔ ክሊኒክ ውስጥ ልጁን ብቻውን አነጋግሬ ልፈታው አልችልም። ሳምንቱ 168 ሰዓት አለው፤ እኔ የማገኘው አንዱን ነው፤ የቀረው የእርስዎና የቤተሰቡ ነው። ስለዚህ ወላጅን ማሠልጠን ወላጅን መክሰስ አይደለም፤ መድኃኒቱን ረጅም ሰዓት አብሮት በሚውለው ሰው እጅ ማስያዝ ነው።

የሞሉት ቅጽ እያንዳንዱ ጠባይ ምን ያህል ጊዜ እንደሚታይ ከ1 እስከ 7 የሚመዘንበት ነው፤ ስለዚህ ድምሩ ከ36 እስከ 252 ይደርሳል። በየሳምንቱ በቀጠሮው መግቢያ ላይ ደግመው ይሞሉታል። ሕክምናው የሚጠናቀቀው ወላጁ ክህሎቱን ሲይዝ፣ ድምሩ 114 እና ከዚያ በታች ሲወርድና ወላጁ ራሱ «አሁን እችለዋለሁ» ሲል ነው እንጂ የተቆረጠ የቀጠሮ ቁጥር ሲሞላ አይደለም። አብዛኛው ቤተሰብ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስድበታል።

ሁለተኛው ምዕራፍ ትእዛዝ መስጠትን የሚመለከት ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፣ ብዙ ወላጅ የሚሰናከለው እዚህ ነውና። በእኛ አነጋገር ብዙው ትእዛዝ የጥያቄ ልብስ ለብሶ ይወጣል፦ «አትነሣም?»፣ «አርፈህ አትቀመጥም?»፣ «እስኪ እንልበስ?»። ለአራት ዓመት ልጅ «አታደርግም?» እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ «አላደርግም» የሚል እውነተኛ መልስም አለው። ከዚያ ደግሞ «ጨዋ ሁን»፣ «አደብ ግዛ» የሚሉት አሉ፤ ልጁ እነዚህን ሲሰማ በእጁና በእግሩ ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። በሕክምናው ውስጥ ወላጅ የሚለማመደው አንድ ነገር ብቻ፣ በግልጽ ቃል፣ በመደበኛ ድምፅ ማዘዝን ነው፦ «ግራ ጫማህን አድርግ»። ከተቻለም «አትሩጥ» ከማለት «እጄን ያዝ» ማለት ይሻላል። ካዘዙ በኋላ በልብዎ እስከ 5 ይቆጥራሉ፤ ከንፈርዎን ሳያንቀሳቅሱ፣ ሳይደግሙ። ካደረገው ወዲያው ለይተው ያመሰግኑታል። ካላደረገው አንድ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፦ «ጫማህን ካላደረግህ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለህ»። ከ5 ሰከንድ በኋላም ካላደረገ ያለ ቁጣና ያለ ስብከት ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ 3 ደቂቃ ከሞላ በኋላ ለ5 ሰከንድ ዝም ሲል ወደዚያው ትእዛዝ ይመለሳል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ሲዘነጋ ሁሉም ነገር ይበላሻል፤ ጫማው ሳይደረግ ከቀረ ወንበሩ ከጫማ ማምለጫ ይሆናል። ሆኖም እባክዎ ይህን ምዕራፍ ከዚህ ጽሑፍ ብቻ ተነሥተው ቤት ውስጥ አይጀምሩት፤ የመጀመሪያው ወንበር ባለሙያ በጆሮዎ እያለ ቢሆን ይመረጣል።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድመው ይወቁ። ቀድሞ የሚሠራለት ጩኸት መሥራት ሲያቆም ልጁ ወዲያው አይተወውም፤ መጀመሪያ ያባብሰዋል። ብዙ ወላጅ «ባሰበት» ብሎ ሕክምናውን የሚተወው በዚያ ሳምንት ነው። ንክሻን በተመለከተ ግን ቸል ማለት አይገባም፤ በ5 ደቂቃው ጨዋታ መካከል እህቱን ቢነክስ ወይም ዕቃ ቢሰብር የዚያ ቀን ጨዋታ እዚያው ይቆማል።

ሌሎች አንባቢዎችም ስላሉ ጥቂት ልጨምር። ልጁ የንግግር መዘግየት ካለበት፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ከሆነ ወይም ሌሊት በደንብ የማይተኛ ከሆነ አስቀድሞ መስሚያውና እንቅልፉ ይመርመር። ኦቲዝም ወይም የዕድገት መዘግየት ላለባቸው ልጆች ወላጆች የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ሌላ ስልጠና አለ፤ 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ያለው ሲሆን በአገራችንም ተሞክሯል። የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ስፔሻሊቲ ስልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. እንደሆነ ስናስብ፣ በልጆች ላይ የሚሠራ ባለሙያ ዛሬም ጥቂት መሆኑ አያስገርምም፤ ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት «ስጫወት እያዩ ያሠለጥኑኛል ወይስ ምክር ብቻ ነው የሚሰጡኝ?» ብለው መጠየቅዎ ነውር አይደለም።


ጡረተኛው መምህር

የተባለውን ሁሉ በጥሞና አንብቤያለሁ። በአራት ኪሎ አካባቢ ለ34 ዓመት አንደኛ ደረጃ ሳስተምር በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት በእጄ አልፈዋል፤ ስለዚህ ሐሳቤን ብናገር ድፍረት አይሆንብኝም። አባቶቻችን «ከልጅ አትጫወት ይወጋሃል በእንጨት» ያሉት ያለ ነገር አልነበረም። ወላጅ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ልጁ እየመራው ኩብ ሲደረድር የወላጅነቱ ሥልጣን ወዴት ይሄዳል? «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚባልም አለ፤ ይኸው ልጁ ያለ ምክንያት የሚያለቅሰው በወቅቱ ስላልተቀጣ አይደለምን? ሦስት ደቂቃ ወንበር ላይ መቀመጥ ቅጣት ከሆነ እኔ በሕይወቴ ብዙ ተቀጥቻለሁ፤ ታክሲ ስጠብቅ።

ምስጋና ማብዛትም ልጅን ያቀብጣል። ጫማውን ላደረገ ልጅ ጭብጨባ ከለመደው፣ ነገ ሥራ ሲይዝ ለሰላምታም ጭብጨባ ይጠብቃል። እኔ ልጅ ይደብደብ አላልሁም፤ ነገር ግን አንድ ቁንጥጫ ማንንም አልገደለም።


የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ

ጋሼ፣ ጥያቄዎ የሚገባ ነው፤ በክሊኒክም በየዕለቱ ማለት ይቻላል ይነሣል። ወላጅ ለልጁ መሪነቱን የሚሰጠው በቀን 5 ደቂቃ ብቻ፣ በጨዋታ ላይ ብቻ ነው፤ ቀሪውን ቀን ወላጅ ወላጅ ሆኖ ይቆያል። እንዲያውም በሁለተኛው ምዕራፍ ወላጅ የሚሰጠው ትእዛዝ ቁጥሩ ይቀንሳል እንጂ የተሰጠው ትእዛዝ ሳይፈጸም አይቀርም፤ ይህ ሥልጣንን የሚያጠነክር ይመስለኛል። የወንበሩ ኃይልም ከሕመሙ አይመጣም፤ ልጁ ሁልጊዜ፣ በማንኛውም ቀን፣ ማንም ቤት ውስጥ ይኑር፣ ያው ነገር እንደሚከተል በማወቁ ነው። እርስዎም ክፍልዎን በጸጥታ ይመሩ የነበሩት ያሉትን ስለሚያደርጉ እንጂ በአለንጋ ብዛት እንዳልነበረ እገምታለሁ።

ስለ ቁንጥጫው አንድ የተረጋገጠ ነገር ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ልጆቻቸውን በመደብደባቸው ለሕፃናት ጥበቃ ተቋም የተጠቆሙ 110 ወላጆችን ተከታትሏል። ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየ ክትትል በኋላ፣ ይህን ሕክምና ካገኙት መካከል በድጋሚ በድብደባ የተጠቆሙት 19 በመቶ ሲሆኑ፣ የተለመደውን የወላጆች ትምህርት ከተከታተሉት መካከል ግን 49 በመቶ ነበሩ። እነዚያ ወላጆች ልጆቻቸውን አይወዱም ነበር ለማለት ይከብዳል፤ በእጃቸው የነበረው መሣሪያ ዱላ ብቻ ነበር። በእኛም አገር ቢሆን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ጋሼ፣ ይህ ሲወጣ እርስዎ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ስለነበሩ ከእኔ ይልቅ ያስታውሱታል።

ስለ መቅበጥ፦ ምስጋናው የሚሰጠው ልጁ ላደረገው ለተለየ ነገር ነው፤ ጠባዩ ሲለመድ ምስጋናው እየሳሳ ይሄዳል። «አንተ ከሁሉ ትበልጣለህ» የሚለው ውዳሴ በሕክምናው ውስጥ ቦታ የለውም።


የፒያሳዋ

እኔ የምጽፈው አቋርጬ ስለወጣሁ ነው፤ ያቋረጠ ሰው ብዙ ጊዜ አይጽፍም።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ደስ የሚል ነበር። ልጄ የ5 ደቂቃውን ጨዋታ «የእኔ ሰዓት» ብሎ ሰይሞት፣ ከሥራ ስገባ ቦርሳዬን እንኳ ሳያስቀምጠኝ ይጎትተኛል። ችግሩ የመጣው ወንበሩ ቤት የገባ ዕለት ነው። የመረጥነው ዱካ ነበር፤ ከቴሌቪዥኑ ራቅ አድርገን ጥግ ላይ አስቀመጥነው። ልጄ የመጀመሪያውን ቀን ከዱካው ላይ እየጮኸ ሳለ፣ አማቴ ለጎረቤት ቡና እያፈሉ ነበር። አንድ ደቂቃ ታገሡ፤ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ሲኒውን አስቀምጠው ተነሡና «እኔ እያለሁ በቤቴ ልጅ አይታሰርም» ብለው አቅፈው ወሰዱት፤ ፈንዲሻም አፉ ውስጥ ጨመሩለት። ጎረቤቶቹም «ተይው፣ ልጅ ነው» አሉኝ። ይሉኝታ ያዘኝ፤ አማቴን በእንግዳ ፊት ምን ልበላቸው? በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ልጄ ከዚያ በኋላ ወንበር ሲባል በቀጥታ ወደ አያቱ ይጮህ ጀመር። በሰባተኛው ቀጠሮ አቆምሁ።

በኋላ ሳስበው የተሳሳትሁት አማቴን ሳላማክር ወንበሩን በማስገባቴ ነው። ለእሳቸው የታያቸው ምራታቸው ከየት እንዳመጣችው የማይታወቅ ነገር በልጅ ልጃቸው ላይ ስትሞክር ነው። ሞግዚታችንም ልጁ ጋር ከጠዋት እስከ ማታ የምትውለው እሷ ሆና ሳለ፣ እኔን ጨምሮ ማንም ምንም አልነገራትም፤ ስታስፈራራው «ጅቡ መጣ» እያለች፣ እኔ ደግሞ በ5 ደቂቃ እየተጫወትሁ፣ ልጁ በሁለት ዓለም ነበር የሚኖረው። የልደታዋ እናት፣ ከጀመሩ እናትዎን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስገቧቸው፤ ወንበሩ ቤት እስኪገባ አይጠብቁ።


የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ

ይህ ከጻፍሁት ሁሉ ይበልጣል። አያትም ሆነ ሞግዚት ከልጁ ጋር የሚውል ሰው ሁሉ ቢያንስ አንዴ ከመስተዋቱ ጀርባ ባለሙያው አጠገብ ተቀምጦ እንዲያይ መጠየቅ ይቻላል፤ ፈቃደኛ ሆነው ካገኘናቸው አያቶችንም ማዳመጫ አስገብተን እናሠለጥናለን። ከልምዴ እንዳየሁት አያቶች ጨዋታውን ከወላጆች ቀድመው ይይዙታል፤ ችኮላ የለባቸውምና። ወንበሩን በተመለከተ ግን ስምምነቱ አንድ ነው፦ ያስቀመጠው ሰው ያነሣዋል፤ ሌላው ያን ጊዜ ወጥ ቤት ይግባ።


የልደታዋ እናት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ መምህር፣ እርስዎንም ጭምር፤ ጽሑፍዎን ለእናቴ ሳነብላት «ይኼ ሰው እውነት ተናገረ» አለች፣ ስለዚህ ቀጣዩን መልስም ተቀምጣ አደመጠች።

ወንበሩን አልነካሁትም፤ የ5 ደቂቃውን ጨዋታ ግን ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ ሞክሬአለሁ። የመጀመሪያውን ቀን በስልኬ ቀድቼ ስቆጥር 22 ጥያቄ ሆነ፤ ትናንት 9 ደርሻለሁ፣ ከዘጠኙ አምስቱ «አይደል?» ናቸው። እሑድ ዕለት ልጄ የቡና ስኒ ክዳኖችን እየደረደረ «ይኼ ፎቅ ነው» አለኝ። «ፎቅ ነው» አልሁት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ቀና ብሎ ለረጅም ጊዜ አየኝ፤ የምጨምረው ጥያቄ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ሳልጠይቀው ስቀር «አራተኛው ላይ እኛ ነን» ብሎ አንድ ክዳን ጨመረ። ጫማው ዛሬም አልተሻሻለም፤ ዛሬ ጠዋትም ሰርቪሱ ጠብቆናል። ግን «አታደርግም?» ማለቴን ራሴን ሰማሁት።

ለክሊኒኩ ደውዬ ማክሰኞ በ10 ሰዓት ቀጠሮ ይዣለሁ። እናቴ አብራኝ እንደምትሄድ ገና አልወሰነችም፤ ነገር ግን ዛሬ ምስር እየለቀመች ሳለ «ከመስተዋቱ ጀርባ መቀመጫ አለ ወይስ ቆሞ ነው?» ብላ ጠይቃኛለች።